መርዶ የማይገባበት ቤት

በእኛ ሰፈር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሦስት አራት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሳይነጋገሩ፣ ወደ አንድ ግቢ ሲያመሩ ያየ ሰው ቀጥሎ የሚሰማውን ጩኸት ያውቀዋል። ላም የምታልብ ሴት ብትሆን ጣሳዋን አስቀምጣ ነጠላዋን ትፈልጋለች። የኔን በር ግን የሚያንኳኳ ሽማግሌ ጠፋ። ልጄ የዘመተበት ጦርነት አለቀ ተባለ። ከዘመቱት ገሚሱ ተመለሰ፣ የገሚሱ መርዶ መጣ። የኔ ልጅ ከተመለሱትም ከሞቱትም ሳይቆጠር አንዱ ክረምት አለፈ፣ ሌላው ክረምት መጣ፣ እሱም አለፈ።

ሽማግሌዎቹን አልወቅሳቸውም ብል ውሸቴን ነው። የእድራችን ሊቀመንበር ጎረቤቴ ነው። ጴንጤ ነው፣ ደግ ሰው ነው፣ ሚስቴ ስትታመም እንጀራ የሚልክልን እሱ ነው። አጥሩን ተደግፎ “እንዴት አደሩ?” ሲለኝ ግን ፊቴን ያዞርኩበት ቀን ብዙ ነው። ምን አጠፋ? ምንም። የኔን ቤት ፈሩት እንጂ። ቢፈሩም እውነት አላቸው፤ እኔ ራሴ መርዶዬ ተነግሮ፣ ተለቅሶልኝ፣ ሰደቃዬ ተበልቶ፣ ከዚያ በኋላ በእግሬ የመጣሁ ሰው ነኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ቤታችን ከሲሬ ወደ ጮሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። የተወሰድኩት ከገበያ ታፍሼ ነው፤ በሬ ልሸጥ ሄጄ በሬውም እኔም ሳንመለስ ቀረን። ሰሜን ወስደው ጠመንጃ ሰጡኝ። ፊደል የቆጠርኩትም እዚያው ምሽግ ውስጥ ነው፤ ከመዝመቱ በፊት አስተማሪ የነበረ አንድ የመቶ አለቃ ሥራ ሲፈታ በካርቶን ላይ እየጻፈ አስተማረኝ። በኋላ እግሬን ተመትቼ ሆስፒታል ገባሁ። እዚያ ተኝቼ እያለሁ ጓዶቼ አለቁ። ከእኛው ወረዳ የሄደ ሌላ ልጅ ቀድሞኝ አገር ገባና ስለ እኔ ተጠየቀ። “የዚያ ክፍል ሰው አንድም አልተረፈም” አለ። ያየው ነገር አልነበረም፤ የሰማውን ነው የተናገረው። ሽማግሌዎቹም ይህንኑ ይዘው ጎህ ሲቀድ እናቴ ዘንድ ሄዱ።

እኔ መንግሥት ከወደቀ በኋላ፣ ግማሹን በእግሬ ግማሹን በጭነት መኪና ላይ፣ ለምኜም በልቼ፣ አገሬ ደረስኩ። እናቴ ደጅ ላይ ገብስ ታሰጣ ነበር። ለኔ የተላጨችው ጸጉሯ ገና ማቆጥቆጡ ነው። ቀና ብላ አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ አየችኝ። እልል አላለችም፣ አልጮኸችም። “አረፍ በል” ብላ በርጩማ አወጣችልኝ፣ ወተት ሰጠችኝ፣ እግሬን አጠበችኝ። “እማ፣ እኔ እኮ ነኝ” ስላት፣ “አዎ፣ ትመስለዋለህ” አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አብረን ኖርን። በስሜ ትጠራኛለች፣ ታበላኛለች፣ ስታመም ታስታምመኛለች። የቀበረችው ልጇ ግን እኔ አልነበርኩም። ልጅ ሳለሁ “አንተ አህያ” ሳትለኝ ውላ አታድርም ነበር፤ ከጦርነት ከመጣሁ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ሰድባኝ አታውቅም። እንግዳ አይሰደብማ! ስድቧ እንደናፈቀኝ ሞተች። አንድ ሰው ባላየው ነገር አፉን ስለከፈተ በሕይወት ያለች እናቴን አጣሁ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሥራ ያገኘሁት ፖስታ ቤት ነው። የተሸነፈ ጦር ወታደር ማን ይቀጥራል በሚባልበት ጊዜ፣ ማንበብ ስለምችልና ስለማልጠጣ ከረጢት አሸከሙኝ። ከአሰላ ሲሬ በአውቶቡስ፣ ከሲሬ ወደ ላይ እስከ ጮሌ ገጠር በፈረስ። በአገራችን ደብዳቤ ሰው ደጅ ድረስ አይሄድም፤ ሳጥን ያለው ከሳጥኑ ይወስዳል፣ የሌለው በትምህርት ቤት ወይም በባለሱቅ በኩል ይደርሰዋል። የገበሬው ደብዳቤ ሱቅ ውስጥ ከሳሙናና ከጨው ጋር አቧራ ሲለብስ እያየሁ ሆዴ አልችል አለኝና፣ ማንም ሳያዘኝ ቤት ለቤት ማደል ጀመርኩ። በአማርኛ የተጻፈውን በኦሮምኛ አነብላቸዋለሁ፤ መልሱንም እነሱ በኦሮምኛ እየነገሩኝ እጽፍላቸዋለሁ።

አመጣጤን ግን መማር ነበረብኝ። መጀመሪያ ሰሞን፣ ማለዳ ተነስቼ፣ ወደ ገበያ የሚሄዱ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ አግኝተውኝ አብረን ስንጓዝ አንድ ግቢ ደረስን። ሴትየዋ ገና ከሩቅ አይታን ራሷን መሬት ላይ ጣለች። የያዝኩላት ልጇ ከጅዳ የላከችላትን ፎቶግራፍ ነበር። አንስተን፣ ውሃ ረጭተን፣ ፎቶግራፉን አሳይተናትም ልታምነን አልቻለችም። ምን ታድርግ? እኛ አገር ሰው ሲሞት መጀመሪያ “ትንሽ አሞታል” ነው የሚባለው፤ ደህና ነው የሚል ሰው ሁሉ ይጠረጠራል። ከዚያ ቀን ወዲህ ፀሐይ ሳትሞቅ ሰው ግቢ አልገባም። ከሰው ጋርም አልገባም። ገና ከአጥሩ ማዶ “ነጋ ዻ! ነጋ ዻ!” እያልኩ፣ ደህና ነው፣ ደህና ነው እያልኩ እጮኻለሁ። በፈረሴ ሳልፍ የመንደሩ ልጆች ተቀብለውኝ ይጮሁ ነበር።

ወሬ አመላላሽ በመሆኔ ሽማግሌዎች መርዶ ሊነግሩ ሲያስቡ እኔን መጥራት ጀመሩ። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። “ያየ ሰው አለ?” እላቸዋለሁ። “ሰምተናል” ካሉኝ እቆጣለሁ። ሲሞት ያየው ወይም አፈር ያለበሰው ሰው በአካል ካልመጣ መርዶ የለም። በዚህ ነገር ስንቱን አስቀይሜያለሁ፤ አንድ ሐጂ በከዘራቸው ሊሉኝ ቃጥተው ሰው ነው የያዛቸው። በመጨረሻ ግን በዚያ መንገድ ላይ ሕግ ሆነ። በኋላ ስልክ መጣ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ጠፋ፣ ከረጢቴ ውስጥ የጨረታ ማስታወቂያ ብቻ ቀረ፣ እኔም ጡረታ ወጥቼ አሰላ ገባሁ። ሕጌም አብሮኝ መጣ፤ የሰፈራችን እድር ተቀበለው። እኮራበት ነበር።

ልጃችንን አላህ የሰጠን ዘግይቶ ነው፤ እሱንም አንድ ብቻ። የሰው ባጃጅ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ሳይመጣ ቀረ፤ በማግስቱ ከማሠልጠኛ ደወለ። ያን ቀን በስልክ ያልኩትን አልደግመውም። እኔን አፍሰው የወሰዱኝ ቦታ እሱ ተመዝግቦ ሄደ፤ ምን ይባላል! ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል “ላሟ ወለደች?” ብሎ ጠየቀኝ። አልወለደችም ነበር። “ስትወልድ ትነግረኛለህ” አለ፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ላሟ ወለደች። ጥጃዋም አድጋ ራሷ ወለደች።

ሚስቴ ስኳር አለባት። ባለፈው ዓመት እግሯ ላይ ትንሽ ቁስል ወጣ፤ አልደርቅ አለ። ሐኪሞቹ አዳማ ሂጂ አሏት። “አልሄድም” አለች። “እሱ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘውስ?” ቁልፉን ለጎረቤት እንስጥ ብላት፣ እኔ ልቅርና አንቺ ከእህትሽ ጋር ሂጂ ብላት፣ ወይ ፍንክች። ለቅሶ መድረስ ትታለች፤ ሰርግ ትታለች፤ ገበያ እንኳ የምሄደው እኔ ነኝ። “ሞቶ ቢሆንስ?” ያልኳት አንድ ቀን ብቻ ነው። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፣ “አንተም እኮ ሞተህ ነበር” አለችኝ።

ማስረጃዋ እኔ ነኝ። ፊቷ እበላለሁ፣ ፊቷ እተኛለሁ፣ አስላለሁ፣ እነጫነጫለሁ፤ የሞተ ሰው እንደሚመጣ በየቀኑ ታየኛለች። እውነቱን ለመናገር እኔም የምኖረው በዚሁ ነበር። ስልክ በማናውቀው ቁጥር ሲጠራ ሁለታችንም እኩል እንዘላለን፤ በዚያ እግሯ እንኳ ትቀድመኝ ነበር። “ተማርኮ ይሆናል” እላታለሁ። “ሱዳን ገብቶ ይሆናል” ትለኛለች። ይህን እየተባባልን እንውላለን። በትዳራችን ብዙ የተጣላን ሰዎች ነን፤ ስንጠብቅ ግን እንደ ሁለት ልጆች ተስማምተን ነበር የምንጠብቀው።

ከዚያ ጣቷ ጠቆረ። ቁስሏን የምታጥብላት ነርስ ወደ ውጭ ጠራችኝና፣ “አባባ፣ ጣቱ ከሄደ እግሩ ይሄዳል፤ እግሩ ከሄደ ደግሞ…” ብላ ተወችው። የቀረውን እኔ ከምሽግ አውቀዋለሁ። በዚያው ዕለት ቂሜን ዋጥ አድርጌ ሊቀመንበሩ ቤት ሄድኩ።

“መርዶ ንገሩን” አልኩት።

“ያየ ሰው ተገኘ?” አለኝ፣ ድንግጥ ብሎ።

“አልተገኘም። ቁርጡን ካላወቀች ግን ትሞትብኛለች።”

“ጋሼ፣ እንዴት ብዬ? ነገ ልጁ በዚህ በር ቢገባ ምን ልንልዎት ነው? ያውም በእርስዎ ቤት! ያላየ አይናገር ያሉን እርስዎ እኮ ነዎት።” ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ደግ ሰው ነው ብያለሁ።

ሼሁም ዘንድ ሄድኩ። “ለሌለ ሬሳ በግምት አልሰግድም፤ ምስክር አምጣ” አሉኝ። ከዚያ በፊት ለስንቱ የተናገርኩትን ቃል ነው መልሰው የሰጡኝ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁ ማለት ይህ ነው።

ከልጄ ጋር አንድ የጦር ክፍል የነበረ ልጅ ሲሬ መጥቷል ሲባል ሰማሁና በሚኒባስ ሄድኩ። ወንድሙ ጎሚስታ ነው። ልጁ ጎማ በሚጠገንበት ደጅ፣ በተገለበጠ ቸርኬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አንድ እጁ የለም። የማን አባት እንደሆንኩ ስነግረው ተነስቶ ቦታውን ለቀቀልኝ።

“አውቀዋለሁ፣ አባኮ” አለኝ፤ አባቴ ማለቱ ነው። “አብረን ነበርን። እኔ ስመታ እሱ ደህና ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁም።”

“አልሰማህም?”

“የማይሰማ የለም። አላየሁም።”

እኔ ወጣት ሳለሁ እንዲህ ያለ ልጅ ቀድሞኝ አገር ገብቶ ቢሆን ኖሮ እናቴ አትቀርብኝም ነበር። ግንባሩን ልስመው ይገባኝ ነበር። ያን ቀን ግን ተናደድኩበት። ስለ ሚስቴ እግር ነገርኩት፤ ስለ ጠቆረው ጣት፣ ስለ አዳማ፣ በሩን ትቼ አልሄድም ስለማለቷ። ለምን እንደነገርኩት አላውቅም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አውቃለሁ። ወንድሙ የጎማውን ላስቲክ ውሃ ውስጥ እየነከረ የሚተነፍስበትን ቦታ ይፈልጋል። ልጁ አቀርቅሮ ሰማኝ።

“አየሁ ልበልልዎት?” አለኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያስቀየምኩበት ነገር ነው። ከአንደበቴ የወጣው ግን ሌላ ነው። “ወንጀሉ በእኔ ይሁን” አልኩት።

“ለሁለታችንም ይበቃናል” አለኝ።

አሰላ መጥቶ ለሼሁና ለሊቀመንበሩ ቃሉን ሰጠ። እኔ አልነበርኩም፤ መርዶ የሚነገረው ሰው አይኖርም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እንደማያውቅ ሰው ጋደም ብዬ ኮቴያቸውን ሰማሁ። በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ሼሁን አየች፣ ሊቀመንበሩን አየች፣ ከኋላቸው የቆመውን አንድ እጅ ያለውን ልጅ አየች። እጮኻለች ብዬ ጆሮዬን ልይዝ ምንም አልቀረኝ። “መጣችሁ?” ነው ያለቻቸው፣ ከቀጠሯቸው እንደዘገዩባት ሁሉ።

ሼሁ ተናገሩ። ስትሰማ ቆማ ነበር፤ ከዚያ ልጁን፣ “የት አስቀመጥክልኝ?” አለችው።

“ከትልቅ ዋርካ ሥር ነው፣ እናቴ። እኔና አንድ የባሌ ልጅ ነን ያሳረፍነው። በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አድርገን።” ከዚያ ጨመረበት። “ስለ ላም ያወራ ነበር። ሳትወልድ አትቀርም እያለ።”

ይህን ጊዜ ነው የወደቀችው። ጎረቤት ሞላ፣ ጩኸቱ ጪላሎ ድረስ የሚሰማ መሰለኝ። እኔ ግን ደርቄ ቀረሁ። ስለ ላሟ አልነገርኩትም ነበር። ስለ ዋርካው አልተነጋገርንም። አየሁ በል ነው የተባባልነው እንጂ ምን እንዳየ አላጠናሁትም።

ድንኳን ሲተከል፣ ሰው ሲተራመስ፣ ልጁ ወደ መናኸሪያ ሊሄድ ባጃጅ ሲሳፈር ደረስኩበት። ክንዱን ያዝኩት። “እውነቱን ንገረኝ” አልኩት። “አይተሃል ወይስ አላየህም?”

ረጅም ጊዜ አየኝ። የእኔ እናት እንዳየችኝ ያለ አስተያየት ነው። “አባኮ፣ እርስዎ የሚፈልጉት የትኛውን ነው?” አለኝ።

ክንዱን ለቀቅኩት። ባጃጁ ሄደ። በኋላ ብደውልለት ስልኩ አይሠራም፤ ሲሬ ድረስ ሄጄ ወንድሙን ብጠይቀው በጅቡቲ በኩል ወጥቷል አለኝ። ወይ ሲሬ ላይ ለእኔ አዝኖ ዋሽቶኛል፣ ወይ አሰላ ላይ ለእሷ አዝኖ ዋሽቷል። ስለ ላም የማያወራ የገበሬ የልጅ ልጅ ደግሞ የት አለ? ላሟን ከልጄ አፍ በደህናው ጊዜም ሰምቶ ይሆናል። እንዲህ እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ይነጋል፣ ይመሻል።

ለቅሶ ደራሽ ከሲሬም ከጮሌም መጣ። ደብዳቤ ያነበብኩላቸው ሽማግሌዎች፣ ዛሬ ዓይናቸው የማያይ ባልቴቶች፣ በአይሱዙ ተጭነው መጡ። እነሱ እያለቀሱ እኔ ዓይኔ ደረቀ። “ወታደር እኮ ነው፣ ጠንካራ ነው” ሲባባሉ ሰማሁ። ጠንካራ አይደለሁም። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ እንደ ሰው ደረቴን እየደቃሁ ልጄን ማልቀስ። እንባዬ ሊመጣ ሲል “ምናልባት” የምትል ነገር ትመጣና ትመልሰዋለች።

ሚስቴ ግን ድናለች። ድንኳኑ ሲነሳ፣ “አዳማ እንሂድ” ያለችው እሷ ናት። ሁለት ጣቷን ቆረጡ፤ እግሯ ተረፈ። አሁን በምርኩዝ ገበያ ትወጣለች፤ ለቅሶ ትደርሳለች፤ እህቷ ጋ ሄዳ ታድራለች። ፊቷ ላይ ሥጋ ተመልሷል። ልብሱን አጥባ ለድሆች ሰደቃ ሰጠችው፤ አንዱን ሸሚዝ ልደብቅ ብዬ ስፈልገው ስታጥፈው እጇ ላይ አየሁትና አፈርኩ። ከሶላት በኋላ እጇን ዘርግታ፣ “አላህ ቀብሩን ያስፋለት” ትላለች። አሚን እላለሁ። ምን ልበል? በሆዴ ቀብር አይኑረው እያልኩ በአፌ አሚን እላለሁ።

ደግሜ ብጠየቅ ደግሜ አደርገዋለሁ። እግሯን አይቻለሁና አይቆጨኝም። የማልችለው ሌላውን ነው። “ተማርኮ ይሆናል” የምለው ሰው የለኝም። ለእሷ ካልኩ መርዶዋን ማፍረሴ ነው፤ ለሼሁ ካልኩ በሐሰት እንዳሰገድኳቸው ያውቃሉ፤ ለሊቀመንበሩ ካልኩ ያ ደግ ሰው እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ ልጄን ሳልቀብረው፣ ሳልጠብቀውም እውላለሁ። ከዚህ ጦርነቱ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ስልኬ ጠራ። ቁጥሩን አላውቀውም። ብቻዬን ብድግ አልኩ። እሷ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና ብላም አላየች። “አንሳው እንጂ፣ ይጮሃል” አለችኝ። ይዤው ወደ ውጭ ወጣሁ። አንድ ነጋዴ ነው፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ይጠይቃል። “ተሳስተሃል፣ ወንድሜ” አልኩት። “ይቅርታ፣ አባት” ብሎ ዘጋው። ፊቴ እስኪመለስ ላሞቹ ጋ ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያ ገብቼ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች። ማን ነበር ብላ አልጠየቀችኝም።